የኅዳር ሳምንት አየርና ያልተሰበሰበው ሰብል
(ለምዕራብ ጎጃም የግብርና ልማት ሠራተኞችና የቀበሌ ተጠሪዎች የቀረበ ንግግር)



ስለ ድርቅና ስለ ሠፈራ በሚመከርበት ስብሰባ ላይ የፍኖተ ሰላምና የቡሬ አካባቢ የአንድ ሳምንት የአየር ጠባይ መነሣቱ ለአንዳንዱ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ምዕራብ ጎጃም በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚያገኝ፣ ጤፍ፣ በቆሎ፣ ስንዴ፣ ዳጉሳና በርበሬ በብዛት የሚመረትበት አገር ነው። በሌላው የአገራችን ክፍል ድርቅ በጠናባቸው ዓመታት፣ የዕርዳታ እህል ከሚራገፍበት ይልቅ እህል የሚጫንበት አካባቢ ሆኖ ይታወቃል።

ይሁን እንጂ ለተቸገረ ወገን የሚታደለው እህል ከሁለት ምንጮች ከአንዱ መገኘቱ የግድ ነው። ወይ በመርከብ ተጭኖ ከባሕር ማዶ ይመጣል፤ ወይ ትርፍ ካመረተው ያገር ውስጥ ገበሬ ይገዛል። የሁለተኛው ምንጭ ዕጣ በአብዛኛው የሚወሰነው በኅዳር ወር ነው። ክረምቱ በሚገባ ዘንቦ፣ ማዳበሪያው በጊዜው ደርሶ፣ አረሙ ታርሞና ሰብሉ አሽቶ ከተገኘ በኋላ፣ የሚቀረው ሥራ እህሉን ከማሳ ወደ ጎተራ ማግባት ነው። ይህ የመጨረሻ ሥራ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሚፈጸም ሲሆን፣ በእነዚያ ሳምንታት የሚጥል ያልታሰበ ዝናብ የወራት ድካምን በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊያበላሽ ይችላል።

ስለዚህም የዚህ ንግግር ዓላማ፣ የኅዳር ሳምንት አየር በምዕራብ ጎጃም ምን እንደሚመስል፣ ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ ከየት እንደሚመጣ፣ እንዲሁም በራዲዮ የሚነገረው ትንበያ በማሳ ላይ ወደሚሠራ ሥራ እንዴት እንደሚለወጥ ማስረዳት ነው።

የወቅቱ መደበኛ ጠባይ

በአገራችን የወቅቶች አቆጣጠር ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ጊዜ መፀው ይባላል። ከኅዳር አጋማሽ በኋላ መፀው ወደ ማብቂያው ያዘነብላል። የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች ደግሞ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥር ያለውን ጊዜ በጋ ብለው ይመድቡታል። አከፋፈሉ ቢለያይም ሁለቱም የሚናገሩት ስለ አንድ ለውጥ ነው። በክረምት ወራት እርጥበት ያዘሉ ነፋሳት የሚገናኙበት ቀጠና ከመስከረም በኋላ ፀሐይን ተከትሎ ወደ ደቡብ ይሸሻል። በምትኩ ከሰሜን ምሥራቅ፣ ከዐረብ ምድርና ከእስያ በኩል የሚነሣው ደረቅ ነፋስ በደጋው ላይ ይሠለጥናል። ሰማዩ ይጠራል፤ ቀን ፀሐይ ትበረታለች። ሌሊት ግን ምድር የምትተፋውን ሙቀት የሚይዝ ደመና ስለማይኖር ብርዱ ይጠናል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለው ያባቶች ብሂል የሚመለከተው ይህንኑ ብርድ ነው።

በመሆኑም ለመጪው ሳምንት ሲታሰብ በቅድሚያ መያዝ ያለበት ይህ የወቅቱ መደበኛ ጠባይ ነው። በፍኖተ ሰላምና በጃቢ ጠህናን አካባቢ በዚህ ወቅት አብዛኛው ቀን ፀሐያማና ደረቅ ይሆናል። የቀኑ ሙቀት ብዙውን ጊዜ ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይደርሳል፤ ሌሊት ወደ 10 ዲግሪ ግድም ይወርዳል። ነሐሴ በአንድ ብርቱ ቀን የሚያወርደውን ውሃ ኅዳር በሙሉ ወር ላያወርድ ይችላል።

አንድ ትንበያ ለመላው ዞን ሲነገር ግን ከፍታው መዘንጋት የለበትም። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ግድም፣ ቡሬ ደግሞ 2,100 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በየ100 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ በአማካይ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚቀንስ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ከአንድ ዲግሪ በላይ ልዩነት ይኖራል። ከ2,500 ሜትር በላይ ባለው በሰከላ ደጋ ልዩነቱ ወደ አራት ዲግሪና ከዚያም በላይ ይሰፋል። በአንጻሩ ከወምበርማ ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚወርደው ቆላ ቀኑ ይሞቃል፤ ሰብሉም ቀድሞ ይደርቃል። ስለዚህ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቆላው ሲወቃ ወይና ደጋው ሲያጭድ፣ ደጋው ገና የገብስና የስንዴ ፍሬ እስኪጠና ሲጠብቅ ሊገኝ ይችላል።

የሌሊቱን ብርድ በሚመለከት አንድ ነገር መታወቅ ይኖርበታል። በራዲዮ የሚነገረው ዝቅተኛ ሙቀት የሚለካው ከመሬት ወደ ሁለት ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ፣ በጥላ ውስጥ በተቀመጠ ቴርሞሜትር ነው። ሰማይ በጠራበትና ነፋስ ባልነፈሰበት ሌሊት በሣር ላይ ያለው አየር ከዚህ በብዙ ዲግሪ ይቀዘቅዛል። በመሆኑም በራዲዮ 3 ወይም 4 ዲግሪ ተብሎ የተነገረበት ሌሊት በማሳው ላይ አመዳይ ጥሎ ሊያነጋ ይችላል። ቀዝቃዛ አየር ከሞቃቱ ይልቅ ከባድ በመሆኑ እንደ ውሃ ቁልቁል እየተንሸራተተ በጉድባና በሸለቆ ወለል ላይ ይተኛል። ባቄላ፣ ድንች ወይም ቲማቲም በረባዳ ቦታ የዘራ ገበሬ ከተዳፋቱ ጎረቤቱ ቀድሞ የሚጎዳው በዚህ ምክንያት ነው።

ኅዳር 12 ቀን በየደጁ ቆሻሻ ተጠርጎ ሲቃጠል የጭሱን አካሄድ ያስተዋለ ሰው ይህንኑ በዓይኑ አይቶታል። በማለዳ ጭሱ ጥቂት ከፍ ይልና እንደ ጣሪያ ተዘርግቶ ይቀራል፤ ወደ ሰማይ አይወጣም። ከበላዩ ያለው አየር ከታችኛው ይልቅ የሞቀ ስለሆነ ጭሱን አላሳልፍ ይለዋል። ረፋዱ ላይ ፀሐይ ምድሩን ስታሞቀው ጭሱ ይበተናል። በዚህ አጋጣሚ፣ «ኅዳር ሲታጠን» የሚለኮሰው እሳት ከነዶና ከክምር ርቆ፣ ነፋሱ ሳይነሣ በማለዳ ቢደረግና ፍሙም በውሃ ቢጠፋ ከብዙ ጥፋት ያድናል። የኅዳር ነፋስ ደረቅ ነው፤ ክምርም በቀላሉ ይያያዛል።

ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ ከየት ይመጣል?

መደበኛው ጠባይ ይህ ከሆነ የሰብል ሥጋቱ ከየት ይመጣል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። አልፎ አልፎ ከሜዲትራንያን ባሕር አቅጣጫ የሚነሣ የቀዝቃዛ አየር ሞገድ በከፍተኛው ሰማይ ወደ ደቡብ ጠልቆ ይመጣል። በዚሁ ጊዜ ከህንድ ውቅያኖስና ከዐረብ ባሕር፣ ወይም ከምድር ወገብ አካባቢ እርጥበት ወደ ሰሜን ሲገፋ፣ ሁለቱ በደጋው ላይ ይገናኛሉ። ከዚህ የተነሣ ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን ደመና ይከማቻል፤ ነጎድጓድ የተቀላቀለበት ዝናብ፣ አንዳንድ ጊዜም በረዶ ይጥላል። ሞገዱ ካለፈ በኋላ ሰማዩ ይጠራና ብርዱ ከቀድሞው ይበልጥ ይጠናል።

በአንዳንድ ዓመታት ይህ ክስተት ይደጋገማል። በሰላማዊ ውቅያኖስ ኤልኒኞ ሲከሰት፣ ወይም የህንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ከመጠን በላይ ሲሞቅ፣ በመፀው ወራት ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የሚገፋው እርጥበት ይጨምራል። ኤልኒኞ በአገራችን የክረምቱን ዝናብ ብዙውን ጊዜ የሚያሳንስ መሆኑ ይታወቃል። ስለዚህ በአንድ ዓመት ውስጥ ገበሬው ሁለት ጊዜ ሊጎዳ ይችላል። በሐምሌና በነሐሴ ለቡቃያው የሚያስፈልገው ውሃ ይጎድለዋል፤ በጥቅምትና በኅዳር ደግሞ ሰብሉ ሲደርስ የማይፈልገው ውሃ ይመጣበታል።

የ1990 ዓ.ም. መኸር ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። በዚያ ዓመት ብርቱ ኤልኒኞ ተከስቶ ስለነበር፣ ክረምቱ በብዙ ቦታ ከተዛባ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር ከባድ ዝናብ ጣለ። የታጨደውም ያልታጨደውም ሰብል ተበላሸ፤ የአገሪቱም የእህል ምርት ካለፈው ዓመት በግልጽ ቀነሰ። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ደግሞ የህንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ባልተለመደ ሁኔታ በመሞቁ በምሥራቅ አፍሪካ ብዙ ዝናብ ዘነበ። ያው እርጥበት ለበረሃ አንበጣ መራባት ምቹ ሁኔታ ፈጠረ። በአማራ ክልል ምሥራቃዊ ዞኖች የደረሰውን ሰብል ለማዳን ተማሪዎችና የመንግሥት ሠራተኞች ጭምር ወደ አጨዳ መሰማራታቸው የቅርብ ጊዜ ትዝታ ነው።

በሌላ በኩል የኅዳር ዝናብ ሁሉ ጠላት አለመሆኑ መታወስ ይገባዋል። በኮትቻ መሬት ላይ በቀሪ እርጥበት የተዘራ ሽምብራና ጓያ፣ ዘግይቶ የተዘራ ስንዴ፣ እንዲሁም የግጦሽ ሣር ከመጠነኛ ዝናብ ይጠቀማሉ። በአንድ ገበሬ ይዞታ ውስጥ የታጨደው ጤፍ ሲበሰብስ ሽምብራው ሊለመልም ይችላል። ስለዚህ ማስጠንቀቂያ ሲነገር የትኛውን ሰብል እንደሚመለከት መግለጽ ያስፈልጋል።

አሥር ሚሊ ሜትር ዝናብ ምን ያህል ነው?

የዝናብ መጠን በሚሊ ሜትር ሲነገር ለብዙው አድማጭ ትርጉሙ ግልጽ አይሆንም። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ ማለት ነው። ጥማድ የሩብ ሄክታር ያህል ስፋት እንዳለው ቢታሰብ፣ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ጥማድ ላይ 25,000 ሊትር ውሃ ያወርዳል። ይህም ባለ 200 ሊትሩን 125 በርሜል የሚሞላ ነው። ሚቲዎሮሎጂ ከባድ ዝናብ የሚለው ደግሞ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ የሚጥለውን ነው።

ይህ ውሃ በደረሰ ጤፍ ላይ ሲወርድ አገዳው ይጋሸባል፤ ፍሬው ይረግፋል። ታጭዶ በማሳው ላይ የተኛ ነዶ ከሥሩ እርጥበት ይስባል፤ ፀሐይ ከዘገየች ይበቅላል ወይም ይሻግታል። የሻገተ በቆሎና በርበሬ አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ ስለሚይዝ ለጤናም ለገበያም አይሆንም። ጭዱ ሲጠቁርም የበጋው የከብት ቀለብ አብሮ ይጠፋል።

የጥፋቱን ትርጉም በቁጥር ለማየት አንድ ምሳሌ ይበቃል። አንድ ቤተሰብ ከአንድ ሄክታር 16 ኩንታል ጤፍ ሊያገባ ቢጠብቅና ከዐሥር አንድ እጁ በዝናብ ቢጠፋበት፣ ያጣው 160 ኪሎ ግራም ነው። በዕርዳታ ሥራ ላይ ለአንድ ሰው በወር ሲታሰብ የቆየው የእህል ቀለብ 15 ኪሎ ግራም ነው። እንግዲህ በአንድ ማሳ ላይ የጠፋው እህል አምስት ነፍስ ላለው ቤተሰብ የሁለት ወር ቀለብ ነበር ማለት ነው። ይህን እህል በኅዳር ለማዳን የሚያስፈልገው የሁለት ወይም የሦስት ቀን የደቦ ሥራ ነው። በሰኔ በዕርዳታ ለመተካት ግን ግዢ፣ መርከብ፣ የጭነት መኪናና መጋዘን ያስፈልጋል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው እንዲህ ላለው ጉዳይ ነው።

ከትንበያ ወደ ሥራ

የአገራችን የሚቲዎሮሎጂ አገልግሎት ቀደም ሲል በሲቪል አቪዬሽን ሥር ሆኖ በአብዛኛው ለአውሮፕላን በረራ ይሠራ ነበር። በ1973 ዓ.ም. ራሱን ችሎ በአዋጅ ተቋቋመ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ይባላል። የየዕለቱን፣ የአሥር ቀኑን፣ የወሩንና የወቅቱን ትንበያ ያወጣል። እነዚህ ትንበያዎች እኩል እምነት የሚጣልባቸው አይደሉም። ለነገና ለከነገ ወዲያ የሚነገረው ከሁሉ ይበልጥ ይታመናል፤ ለሳምንት የሚነገረው አዝማሚያን ያሳያል፤ ለወቅት የሚነገረው ደግሞ የሚሆነውን ቀን ሳይለይ ዓመቱ ወደ የት እንደሚያዘነብል ይጠቁማል። ስለሆነም የሳምንቱ ትንበያ ለዝግጅት፣ የዕለቱ ትንበያ ለተግባር ቢውል ይመረጣል።

የትንበያው አነጋገርም መተርጎም አለበት። «በጥቂት ቦታዎች»፣ «በአንዳንድ ቦታዎች» ወይም «በብዙ ቦታዎች» የሚሉት ሐረጎች ዝናቡ ምን ያህል ቦታ እንደሚሸፍን ይናገራሉ እንጂ መጠኑን አይገልጹም። «በሰሜን ምዕራብ በአንዳንድ ቦታዎች» ሲባል ቡሬ ዘንቦበት ፍኖተ ሰላም ሊያልፈው ይችላል። ይህን ያልተረዳ ገበሬ በራሱ ማሳ ላይ ስላልዘነበ ትንበያው ሐሰት ነበር ብሎ ሊደመድም ይችላል። ልማት ሠራተኛው ይህን አስቀድሞ ካስረዳ በሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ላይ ያለው እምነት አይጠፋም።

ገበሬው ራሱ የሚያያቸው ምልክቶችም ከራዲዮው ጋር ሊገናዘቡ ይገባል። ኅዳር በባሕርዩ ሌሊቱ ቀዝቃዛ፣ ማለዳውም ጤዛማ ነው። ሌሊቱ ከወትሮው ሞቆ ሲያድር፣ በከፍተኛው ሰማይ ስስ ደመና ከምዕራብ ወይም ከደቡብ ምዕራብ ሲዘረጋ፣ ጨረቃ በቀለበት ተከባ ስትታይ፣ የለመደውም የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ሲቋረጥ፣ እርጥበት እየገባ ለመሆኑ ፍንጭ ነው። እነዚህ ምልክቶች ብቻቸውን እርግጠኛ አያደርጉም። ከዕለቱ ትንበያ ጋር ሲስማሙ ግን ለውሳኔ ይበቃሉ።

እዚህ ላይ ከሁሉ የሚበልጥ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ጉዳይ ይነሣል። ማስጠንቀቂያ በተነገረ ቁጥር ሰብሉ ሁሉ ይታጨድ ማለት ስሕተት ነው። ያልደረሰ ጤፍ ሲታጨድ ፍሬው ይጨመተራል፤ ሚዛኑም ይቀንሳል። ይህ ኪሣራ ዝናብ ቢመጣም ባይመጣም የማይቀር ነው። የታጨደውን ነዶ ሰብስቦ መከመር ግን ዝናቡ ቢቀር የሚያስከፍለው የአንድ ቀን ጉልበት ነው። በመሆኑም ማስጠንቀቂያው ማፋጠን ያለበት የታጨደውንና ፈጽሞ የደረሰውን ሰብል ብቻ ነው። ፍሬው ገና የሚለመልመው ሰብል የትንበያውን ዕድል ይዞ ቢቆይ ይሻላል።

ከዚህ ተነሥቶ የሥራው ቅደም ተከተል እንደሚከተለው ሊሆን ይችላል።

በመጀመሪያ፣ በማሳ ላይ የተኛው የታጨደ ሰብል ይከመራል። ክምሩ ውሃ በማይተኛበት ከፍ ባለ ቦታ፣ ከሥሩ ድንጋይ ወይም እንጨት ተደርድሮ፣ የዛላው ጫፍ ወደ ውስጥ፣ አገዳው ወደ ውጭ ሆኖ ይሠራል። አናቱ በሣር ይከደናል፤ ዙሪያው የውሃ መውረጃ ቦይ ይበጅለታል። እርጥብ ነዶ ግን መከመር የለበትም፤ ውስጥ ለውስጥ ግሎ ይበሰብሳል።

ቀጥሎ፣ በአውድማ ላይ ያለው እህል በጆንያ ተደርጎ ይገባል ወይም በሸራ ይሸፈናል። ደረቁ ነፋስ ለማዝራት ምቹ ስለሆነ መንሽና ላይዳ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ፣ ነፋሱ በሚበረታበት ሰዓት ሥራው ቢፈጸም እህሉ በአውድማ ላይ አያድርም። በየጓሮው የተሰጣ በርበሬም በባዶ መሬት ላይ ፈንታ በምንጣፍ ወይም በቆጥ ላይ ቢሰጣ፣ ማታ ማታም ቢሸፈን ከዝናቡ ባሻገር ከጤዛው ይድናል።

ሦስተኛ፣ ደርሶ ያልታጨደው ጤፍና ስንዴ በደቦና በወንፈል ይታጨዳል። በዚህ ረገድ ጉልበት የሌላቸው ቤተሰቦች ተራቸው ወደ ኋላ እንዳይቀር የቀበሌ ተጠሪዎች ጥንቃቄ ሊያደርጉ ይገባል። አቅመ ደካማ አዛውንት፣ ባሏን ያጣች እናት ወይም በሽተኛ ያለበት ቤት ብዙውን ጊዜ ማስጠንቀቂያውን የሚሰማው ዘግይቶ፣ ደቦ የሚጠራውም ጎረቤቱ ከጨረሰ በኋላ ነው። በሰኔም መጀመሪያ ዕርዳታ የሚጠይቀው ይኸው ቤት ይሆናል።

በመጨረሻ፣ ተወቅቶ የገባው እህል መድረቁ ይረጋገጣል። መሣሪያ በሌለበት ቦታ ቀላል መንገድ አለ። በደረቀ ጠርሙስ ውስጥ እህልና ጥቂት ደረቅ ጨው ጨምሮ ለጥቂት ደቂቃ መነቅነቅ ነው። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ነው። ካልተጣበቀ የእህሉ እርጥበት ከ15 በመቶ በታች መውረዱን ያመለክታል፤ ለረጅም ጊዜ ለሚቀመጥ በቆሎ ግን ወደ 13 በመቶ እስኪወርድ ተጨማሪ ፀሐይ ያስፈልገዋል። በደንብ ያልደረቀ እህል ከሻጋታም ከነቀዝም አያመልጥም።

ዝናብ ሳይሆን ውርጭ በሚያሠጋበት ደጋ ደግሞ አማራጩ ጥቂት ነው። ውሃ የሚገኝበት የጓሮ አትክልት ከምሽት በፊት ቢጠጣ፣ እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ይዞ ስለሚያድር ጉዳቱን ይቀንሳል። ችግኝ በሣር ወይም በጆንያ ሊሸፈን ይችላል። ጭስ ማጨስ የሚሰጠው ጥቅም አነስተኛ ስለሆነ ማገዶን በዚህ ማባከን አይመከርም።

ሠፋሪውና የአዲሱ አገር አየር

የዚህ ንግግር ጉዳይ ከሠፈራ ጋር የሚገናኝበት አንድ ታሪክ በቅርብ አለ። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በድርቅ ከተጎዱት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ 600,000 ያህል ሰው ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ የአገሪቱ ክፍሎች እንዲሠፍር ተደረገ። ሥራው በጥድፊያ፣ በብዙ ቦታም ያለ ሠፋሪው ሙሉ ፈቃድ የተካሄደ በመሆኑ ብዙ ሕይወት ጠፍቶበታል። ከሠፈራ ቦታዎቹ አንዱ በጣና በለስ ሸለቆ የሚገኘው ፓዌ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ በጎጃም ክፍለ ሀገር ሥር ነበር፤ ዛሬ በቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል በመተከል ዞን ይገኛል። በዚያ የሠፈረው ሕዝብ 80,000 ያህል ይደርስ ነበር።

የወሎ ደገኛ ስለ አየር ያለው ዕውቀት ትንሽ አልነበረም። በልግና ክረምት የሚባሉ ሁለት የዝናብ ወቅቶች ያውቃል፤ ውርጭ መቼ እንደሚጥልና የትኛው ነፋስ ዝናብ እንደሚያመጣ ከአባቱ ተምሯል። በበለስ ሸለቆ ያገኘው ግን ከግንቦት እስከ ጥቅምት የሚዘልቅ አንድ ረጅም ዝናብ፣ በኅዳር እንኳ የማይበርድ ቆላ፣ ወባና ገንዲ ነበር። የበልግ እርሻ የሚባል ነገር የለም። ሣሩ ሲደርቅ ሰደድ እሳት ይነሣል፤ ሰሊጥም ካልተቸኮለበት ፍሬውን በማሳው ላይ ያራግፋል። ያ ሁሉ የቆየ ዕውቀት ባንድ ጊዜ ከቦታው ተነቀለ። ከቤትና ከበሬ ማጣት ባልተናነሰ መጠን የአገሩን አየር አለማወቁ ሠፋሪውን ጎድቶታል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ዛሬም ያገለግላል። ከአንድ የአየር ጠባይ ወደ ሌላው የሚዛወር ሕዝብ ሁሉ፣ በሠፈራ ይሁን በመፈናቀል፣ ከዘርና ከእርሻ መሣሪያ ጋር የአዲሱን አገር የወቅት ሥርዓት የሚያስረዳው ሰው ያስፈልገዋል። ለዚህም ከሁሉ የሚሻለው አስተማሪ በቦታው ተወልዶ ያደገው ገበሬ ነው።

ማስጠንቀቂያው ለማን ይደርሳል?

የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በ1966 ዓ.ም. ከወሎው ረሃብ በኋላ ሲቋቋም፣ ከድርቁ ትምህርቶች አንዱ የችግሩ ወሬ ከማሳው ወደ መንግሥት ለመድረስ እጅግ መዘግየቱ ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥራ ይህን ለማረም የታሰበ ነው። ይህ ሥራ ለረጅም ጊዜ ትኩረቱን ያደረገው ዝናብ በሚያጥራቸው ወረዳዎች ላይ ነው፤ ይህም ተገቢ ነበር። ነገር ግን ትርፍ አምራች በሆነው ወረዳ በኅዳር የሚደርስ ጥፋት ከጥቂት ወራት በኋላ በገበያ ላይ ይታያል። የእህል ዋጋ ሲወደድ የሚጎዳው በመጀመሪያ እህል ሸማች የሆነው የድርቅ አካባቢ ነዋሪ ነው። በመሆኑም የጃቢ ጠህናንና የቡሬ ዙሪያ ክምር ለዋግ ኽምራ ድሃ ጭምር የሚያሳስብ ጉዳይ ነው።

ዛሬ መልእክት ለማስተላለፍ የሚያገለግሉ መንገዶች ከቀድሞው በዝተዋል። ራዲዮ አለ፤ ተንቀሳቃሽ ስልክ በብዙ ቤት ገብቷል፤ በ2006 ዓ.ም. በ8028 ቁጥር የተጀመረው የግብርና ምክር የስልክ አገልግሎትም ለብዙ ገበሬ ደርሷል። ሆኖም መብራትና የስልክ መስመር በሚቋረጥበት፣ መንገድም በሚዘጋበት ጊዜ የቀድሞዎቹ መንገዶች ይፈለጋሉ። ቅዳሴ ሲወጣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ በገበያ ቀን፣ በዕድርና በማኅበር የሚነገር ቃል አሁንም ከሁሉ ፈጥኖ ከቤት ይደርሳል።

መልእክቱም አጭርና ሙሉ ሊሆን ይገባል። የትኛው አካባቢ፣ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን፣ ዝናቡ ምን ያህል የሚያሠጋ እንደሆነና ምን መደረግ እንዳለበት በአራት ዓረፍተ ነገር መናገር ይቻላል። እርግጠኛ ባልሆነው ነገር እርግጠኛ መስሎ መናገር ለጊዜው ሰውን ያስነሣ ይሆናል፤ ዝናቡ ሲቀር ግን በቀጣዩ ማስጠንቀቂያ የሚነሣ ሰው አይገኝም። ገበሬው ስለ ዕድል የሚያውቀው ከማንም አያንስም፤ በየዓመቱ ዘር በትኖ የሚኖር ሰው ነውና። እውነቱ በልኩ ከተነገረው በጉልበቱና በማሳው ልክ ይወስናል።

እንግዲህ በመጪው ሳምንት ከእናንተ የሚጠበቀው ሥራ የሚከተለው ነው። በየቀበሌው ታጭዶ ያልተከመረውን፣ ደርሶ ያልታጨደውንና ገና ያልደረሰውን ሰብል ለይቶ መመዝገብ፤ የጉልበት ችግር ያለባቸውን ቤቶች በስም አውቆ የደቦ ተራ ማስያዝ፤ የዕለቱን ትንበያ ማታ ማታ አድምጦ በማግስቱ ጠዋት ማድረስ፤ ዝናብ የጣለ እንደሆነም በየትኛው ጎጥ ምን ያህል ሰብል እንደተጎዳ ሳይውል ሳያድር ለወረዳው ማሳወቅ። ሰማዩ ሳምንቱን ሙሉ ጠርቶ ቢያልፍም እህሉ ቀድሞ ከጎተራ ይገባል፤ የደከመ ሰው አይቆጭበትም።